በረኪና በአፍንጫ አይለካም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የጤና ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተሞች የጤና ሥራ ኃላፊዎች፣
ለጤና ባለሙያዎች፣ ለጽዳት ሠራተኞችና ለፀጉር ቤት ባለቤቶች
ባላችሁበት

ጤና ይስጥልኝ።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ ግማሽ ያህሉን ያሳለፍኩት የሕክምና ዕቃ በሚታጠብበትና በሚመክንበት ክፍል ነው። ማንም የማይጎበኘው ክፍል ነው። ባለሥልጣን ሲመጣ አዲሱን አልጋ ያያል፣ አዲሱን ማሽን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል። የእኛን በር ከፍቶ «መቀሱን የሚያጥበው ማነው?» ያለ ሰው አላስታውስም። ቅሬታ አይደለም፤ ለትውውቅ ያህል ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ባልዲ ነው።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄን ቆርቆሮ እግሩን ቆረጠው። አዝዬው ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ቁስሉ እስኪታጠብ ድረስ ዓይኔ እንደ ልማዱ ክፍሉን ይቃኛል። ጥግ ላይ አረንጓዴ ባልዲ አለ። በባልዲው በረኪና፣ በበረኪናው ውስጥ መቀስ፣ ከመቀሱ ሥር ደም የጠጣ ጎዝ፣ ማለትም የቁስል ጨርቅ፣ ተኝቷል። ውሃው ሻይ መስሏል።

«የእኔ ልጅ፣ ይሄ መቼ ነው የተበጠበጠው?» አልኳት ነርሷን።

ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ይሸታል እኮ እማማ። ገና ነው፣ አብሽሩ!»

ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት። እጇ አያምም፣ አንደበቷም አይከፋም። ልጁን ሳታስለቅስ አሽጋለት ወጣን። የእኔ ሐሳብ ግን ባልዲው ጋ ቀረ። ምክንያቱም ይህን ማሽተት ያስተማርናት እኛ ነን። እኔ ራሴ ስንት ዓመት አሽትቻለሁ! «ሸተተ? በቃ ይሠራል።» እንዲህ ነበር ልካችን።

ሽታው ግን ዋሾ ነው። በረኪና ውስጥ ጀርም የሚገድለው ነገር ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ክሎሪኑ። ይህ ነገር ጀርምና ቆሻሻን አይለይም። ደም ካገኘ ደሙ ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። መግል ካገኘ መግሉ ላይ። አፈርም፣ የጎዝ ክርም ያደክሙታል። ጀርሙ ዘንድ ሲደርስ ባዶ እጁን ነው። ሽታው ግን እዚያው አለ። እንዲያውም ክሎሪን ከሽንትና ከላብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ነገር ከራሱ ከክሎሪኑ የባሰ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ስለዚህ በጣም የሚሸት ባልዲ ጉልበቱ ያለቀ ባልዲ ሊሆን ይችላል።

ልኩ አስቸጋሪ አይደለም። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ፣ 1 ኩባያ በረኪና ለ9 ኩባያ ውሃ። ይህ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ደም የነካው ወለልና ጠረጴዛ የሚጸዳበት ማለት ነው። መጀመሪያ ደሙ ይጠረጋል፣ ቦታው በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በረኪናው ይፈስና 10 ደቂቃ ይተዋል። አፍስሶ ወዲያው መወልወል በረኪና ማባከን ነው። ዛሬ ጠዋት የተበጠበጠው ነገ ጠዋት ይደፋል። ማንም ባይነካውም ይደፋል።

መቀሱን በተመለከተ እኛ ስንማር «መጀመሪያ በረኪና ውስጥ ንከሩ፣ ከዚያ እጠቡ» ነበር የሚባለው። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት ሳይታጠብ በረኪና ውስጥ መንከርን አይመክርም። በረኪና ብረቱን ይበላዋል፤ ደም በለበሰ ብረት ላይም ብዙ አይሠራም። መቀሱ በቶሎ በውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ማጠፊያው ተከፍቶ በብሩሽ ተፈግፍጎ ነው ወደ ማምከኛው የሚሄደው። አጣቢዋም ወፍራም ጓንት ታደርጋለች። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ይህን ካነበቡ የድሮውን እንዲተውት እለምናለሁ።

አሁን ወደ ሱቁ እንውጣ። በየሰፈራችን በሃይላንድ የሚሸጠውን በረኪና ታውቁታላችሁ። ክዳኑ የማይገጥም፣ ስም የሌለው፣ ቀን የሌለው። ጠርሙሱ ብርሃን ያስገባል። ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። በረኪና ደግሞ ብርሃንና ሙቀት አይወድም፤ ቀስ እያለ ወደ ጨው ውሃ ይለወጣል። ሲመረት 5 በመቶ የነበረው ስንት ሆኖ እንደሚደርሰን ማን ያውቃል? ግማሽ ሆኖ ከደረሰን ያ የ1 ለ9 ሒሳብ ፈረሰ፤ 1 ለ4 መሆን ነበረበት። ለኮምቦልቻ ደግሞ ይብሳል፤ ከእኛ ትሞቃለች። ሕፃን ውሃ መስሎት የሚጠጣው ነገርስ? እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ላስገባ፤ ጡረተኛ ታሪክ ይወዳል።

በአውሮፓውያኑ 1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበር። እሱ ባለበት የማዋለጃ ክፍል እናቶች በወሊድ ትኩሳት ይረግፋሉ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ሞቱ። አዋላጆች ብቻ በሚሠሩበት በጎረቤቱ ክፍል ግን የሚሞቱት በጣም ያነሱ ናቸው። ልዩነቱ ምን ነበር? ሐኪሞቹ ሬሳ መርምረው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ ነበር። ዜመልቫይስ እጃቸውን በክሎሪን ኖራ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሰኔ ከ100 እናቶች የሚሞቱት ወደ 2 ገደማ ወረዱ።

ክሎሪንን ለምን መረጠ መሰላችሁ? የሬሳውን ሽታ ስለሚያጠፋ! ጀርም የሚባል ነገር ገና አልታወቀም ነበር። በአፍንጫው ተመርቶ ነው የገባው፤ ዕድል ቀናውና ትክክለኛውን ነገር ያዘ። እኛ ግን ከ170 ዓመት በላይ ቆይተን፣ ስለ ጀርሙም ስለ ልኩም ሁሉን አውቀን፣ ዛሬም አፍንጫችን ላይ ነን። እሱን ባልደረቦቹ አልሰሙትም። በ1865 ነሐሴ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ስኮትላንድ ውስጥ ጆሴፍ ሊስተር የሚባል ቀዶ ሐኪም እግሩ የተሰበረ የ11 ዓመት ልጅ ቁስል ላይ ካርቦሊክ አሲድ በሚባል ጀርም ገዳይ የተነከረ ጨርቅ አሰረ። ልጁ እግሩ ሳይቆረጥ ዳነ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ሆዴን ይበላኛል።

አሁን ደግሞ ኃላፊዎችን በዋናነት የምጠይቀውን ልናገር። ስለ ከፍታችን ነው።

ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና በአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። «አሰብ ላይ ባቄላ ቶሎ ይበስላል፤ ደሴ ግን እስከ ማታ ይንጫጫል» ይል ነበር። እኔ ማገዶ ስለማልቆጥብ የሚወቅሰኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትክክል ነው። አሰብ ባሕር ጠረፍ ናትና ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን የሚጫነው ነገር ይቀንሳል፤ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ይሆንና ውሃው ወደ 94 ዲግሪ ይጠጋል። የፈለገውን ያህል ብታነዱበት፣ ክዳኑ ክፍት እስከሆነ ድረስ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ለመጠጥ ውሃ ይህ አያስፈራም። የተቅማጥ ጀርሞች በ92 ዲግሪም ይሞታሉ። ትንሽ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ውሃ እየተንተከተከ 1 ደቂቃ ከቆየ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ 3 ደቂቃ ነው የሚመከረው። ስለዚህ ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ፣ ደሴ 3 ደቂቃ። በቃ ይኸው ነው። ይህን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አፍ ቤት ለቤት ማድረስ ምን ያህል ይከብዳል?

ለሕክምና ዕቃ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የመንጋጋ ቆልፍን፣ ማለትም የቲታነስን ጀርም ውሰዱ። ጀርሙ ጊዜ ሲከፋበት ጠንካራ ቅርፊት ይለብሳል። ስፖር ይባላል። አልኮል አይነካውም። ድስት ውስጥ መቀቀልም አያስተማምንም፤ 92 ዲግሪ ላይ ደግሞ ጭራሽ። እሱን የሚገድለው በግፊት የታመቀ እንፋሎት ነው፤ ማለትም አውቶክሌቭ። 121 ዲግሪ ላይ፣ የተጠቀለለ ዕቃ ከሆነ 30 ደቂቃ፣ ካልተጠቀለለ 20።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው ላይ። ብዙ መጽሐፍና ብዙ የማሽን መመሪያ «15 ፒ.ኤስ.አይ ሲደርስ ሰዓት ያዙ» ይላል፤ ፒ.ኤስ.አይ ግፊት የሚለካበት ነው። ያ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። የተለመደው ጌጅ የሚያነበው ደግሞ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የእኛ የውጭ አየር ከመነሻው ቀላል ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 121 ዲግሪ አይደርስም፤ 116 ወይም 117 አካባቢ ላይ ቆሟል። 121 ለመድረስ ደሴ ላይ 19 ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ 18 ገደማ ማንበብ አለበት።

ይህን የነገረኝ ከአዲስ አበባ ለጥገና የመጣ ባለሙያ ነው። ማሽኑን ከፍቶ ሲያይ «ሲስተር፣ የምታይው የትኛውን ነው?» አለኝ። «ግፊቱን ነዋ» አልኩት። ሳቀ። «ግፊቱ ይዋሻል፤ ቴርሞሜትሩን እመኚ» አለኝ። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በፊት ስንት ከበሮ (ጎዝ ተሞልቶ የሚመክንበት የብረት ዕቃ) ጎዝ፣ ስንት የማዋለጃ ዕቃ በ15 አውጥቼ «መክኗል» ብዬ ፈርሜያለሁ? ዛሬም ቁጥሩን አላውቀውም።

ሌላም አለ። አየሩ በደንብ ሳይወጣ ቫልቩ ከተዘጋ ግፊቱ ይነሳል፤ ሙቀቱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ከበሮው ከታጨቀ እንፋሎቱ መሐል አይገባም። ዳር ያለው መክኖ መሐል ያለው እንደ ነበረ ይወጣል። መብራት በ18ኛው ደቂቃ ሲጠፋ፣ ሲመለስ የቀረውን 12 መሙላት አይሆንም፤ ከዜሮ ነው። በዚያ ላይ ያ ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው፣ መስመሩ የሚጠቁረው ፕላስተር አለ። እሱ የሚናገረው ጥቅሉ ሙቀት እንዳገኘ ብቻ ነው። ስለመምከኑ አይመሰክርም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ የጤና ተቋሞቻችን ምን እንደደረሰባቸው ለእናንተ አልነግራችሁም። የተዘረፈው ሲተካ ማሽን ይመጣል፣ ከማሽኑ ጋር መመሪያ ይመጣል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን የደሴን ተራራ ጦሳን አያውቅም። የእኛን ቁጥር መጻፍ ያለብን እኛ ነን።

ወደ ፀጉር ቤቶች ልምጣ፤ እዚህ ላይ አላበዛም። ያ ሰማያዊ መብራት ያለው ሳጥን አለ አይደል? ቶንዶሱን ከነፀጉሩ፣ ከነዘይቱ ወርውረው በሩን ይዘጉታል። ብርሃኑ የሚገድለው ያየውን ብቻ ነው። ከፀጉር ሥር ያለውን፣ በጥርሱ መሐል ያለውን አያይም። ደንበኛው ግን መብራቱን አይቶ ይረጋጋል፤ ለእሱ ቴአትር ነው። ደግሞ አልኮል ነፋ አድርገው ክብሪት የሚለኩሱ አሉ። እሳቱ ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ አልኮሉ ሊሠራበት የሚገባውን ጊዜ እሳቱ በላው ማለት ነው። አልኮል ላዩ ላይ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ራሱ እስኪደርቅ ይተዉት። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሩሽ፣ ከዚያ አልኮል። ምላጭ ደግሞ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ።

አልኮል ካነሳን፣ 96 በመቶው ከ70 በመቶው ይበልጣል የሚሉ አሉ። አይበልጥም። አልኮል ጀርሙን ለመግደል ትንሽ ውሃ ይፈልጋል፤ በጣም ንጹሕ ሲሆን ደግሞ ሳይሠራ ይተናል። በኮሮና ጊዜ እጃቸውን በአረቄ የሚታጠቡ ጎረቤቶች ነበሩኝ። ለእጅ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ የተለመደው አረቄ እዚያ አይደርስም። «ታዲያ ምን እናድርገው?» ሲሉኝ «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» ብያለሁ።

ዕጣንም እንዲሁ ነው። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ዕጣንና አደስ ሲሸት ደስ ይላል። እኔም አጨሳለሁ። ወለሉ ላይ ያለውን ትውከት ግን አያጸዳም። እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ሲያጥኑ ወተቱ የማይበላሸው ጭሱ የጀርሙን መራባት ስለሚያዘገይ ነው። ማዘግየት ሌላ፣ መግደል ሌላ። ቋንጣም በጨውና በማድረቅ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ለቤት ይህ ይበቃል፣ ለማዋለጃ ክፍል አይበቃም።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አትቀላቅሉ። «ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታሉ» ብለው የሚያደርጉ ሴቶች ብዙ ናቸው። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ትንሽ ሽንት ቤት ውስጥ በር ተዘግቶ ሲሆን ሰው ይጥላል።

እንግዲህ የምጠይቀው ምንድነው? በጀት አይደለም። ሕንፃም አይደለም። ውሃ እንኳ አልጠየቅሁም፤ «ቧንቧ ውሃ» የሚባል ክፍለ ከተማ ያለን ሰዎች ውሃ በፈረቃ እንደምንጠብቅ ታውቃላችሁ። ውሃ በጠፋበት ቀን እጅ እንዴት እንደሚታጠብ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

የምጠይቀው ቁጥር ነው። በየባልዲው ላይ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ይለጠፍ። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ለስንት እንደተበጠበጠ፣ ማን እንደበጠበጠው ይጻፍበት። ያልተጻፈበት ባልዲ እንደ ውሃ ይቆጠርና ይደፋ። ክሎሪን የሚለካ ወረቀት አለ፤ ነክረው ቀለሙን የሚያዩት። ለየተቋሙ ይድረስ፤ ከአፍንጫ የተሻለ ነው። በየአውቶክሌቩ ክፍል ግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ፦ «እዚህ ደሴ ነው፤ 121 ዲግሪ፤ ጌጁ 19 ገደማ።» ኮምቦልቻም የራሷን ትጻፍ። ቴርሞሜትሩ የተሰበረበት ማሽን ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። በረኪና በሃይላንድ የሚሸጡትን ከማባረራችሁ በፊት ደግሞ የሚሸጡትን ናሙና ለኩት፤ ድሃው የሚገዛው እሱን ነው፤ ምን እየገዛ እንደሆነ ይወቅ።

ተቆጣጣሪ ስትልኩ ደግሞ እባካችሁ መጀመሪያ የዕቃ ማጠቢያውን ክፍል ያስከፍት። እዚያ ያለችው ልጅ ትደነግጣለች፤ ጎብኚ ለምዳ አታውቅም። ጓንቷ የተቀደደ መሆኑንም ይይላት።

የልጅ ልጄ ቁስል ድኗል፤ ለጠየቃችሁኝ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ጨርሶ ስለነበር ብዙም አልሰጋሁም። ባልዲው ግን ያው ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ልጅቷን በር ላይ አገኘኋት። ቦርሳዬ ውስጥ ፕላስተርና ማርከር ነበረኝና ሰጠኋት። «ምን ልጻፍበት እማማ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀችና «አለቃዬ ሳያዙኝ?» አለች።

እናንተው እዘዟት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ ነርስ
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ